በሽታው ገድሎ መርፌው ሲታማ
(በአዳማ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለጤና ጣቢያ ነርሶች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ! አብዛኞቻችሁን አውቃችኋለሁ። ሕፃናት ክፍል ለልምምድ ስትመጡ ጮኼባችኋለሁ። ዛሬም ትንሽ ሳልጮህ አልወርድም።

ስለ ማጅራት ገትር ተናገሪ ተብዬ ነው። ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ የአንገት መገተር፤ ይህን ታውቁታላችሁ። ጨቅላ ላይ ግን አንገቱ እስኪገተር አትጠብቁ፤ ጭራሽ ላይገተር ይችላል። ጡት እምቢ ካለ፣ ከፈዘዘ፣ ሲታቀፍ ይብሱን ካለቀሰ፣ እርግብግቢቱ ካበጠ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሩጡ። «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሹት»፣ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» ሲባል የሚያልፈው ሰዓት ነው ጉዱ።

እኔ የመጣሁት ግን ለኤልፒ ነው። በሽታውን ለመለየት ከጀርባ በመርፌ ፈሳሽ ስለመውሰድ።

አንዲት እናት ከቦኩ በኩል የስምንት ወር ልጇን ታቅፋ መጣች። አንቲባዮቲኩ፣ ሴፍትሪያክሶኑ፣ ወዲያው ተጀመረ። ለኤልፒ ፈርሚ ስትባል ስልኳን አወጣች። ብዙም ሳይቆይ ኮሪደሩ በዘመድ ሞላ። አጎትየው «የጎረቤታችን ልጅ ጀርባውን ተወግቶ ነው የሞተው!» አለ። ሐኪሙ አስረዳ፣ እኔም አስረዳሁ፤ ወይ ፍንክች! የረታቸው ማን መሰላችሁ? የአጠገብ አልጋ እናት። «ይኸው፣ የኔም ባለፈው ሳምንት ተወግቷል» ብላ ፊቱን በብስኩት የለቀለቀ ልጇን ብድግ አድርጋ አሳየቻቸው። እናትየው ፈረመች። እንደ ውሃ ጥርት ማለት የነበረበት ፈሳሽ ሩዝ የታጠበበት ውሃ መስሎ ወጣ።

ልጆች ዘግይተው ይመጣሉ፣ ይወጋሉ፣ አንዳንዱ ይሞታል። በሽታው ገድሎ መርፌው ይታማል። መርፌው እኮ የሚገባው ሕብለ ሰረሰር ካለቀበት ዝቅ ብሎ ነው! ይህን ለቤተሰብ የነገረ ማነው? ወረቀት ወርወር አድርጎ «እዚህ ጋ ፈርሙ» የሚል ባለሙያ፣ በሩን ዘግቶ የሚወጋ ባለሙያ፣ ወሬውን የሚቀልበው እሱ ነው! አባት ውጭ ቆሞ የልጁን ጩኸት እየሰማ ምን ያስብ?

አዎ፣ ልጁ በጣም ከተዳከመ ወይም ራሱን ከሳተ ሐኪሙ ኤልፒውን ሊያዘገየው ይችላል። መድኃኒቱ ግን ለማንም አይጠብቅም። ጤና ጣቢያ ያላችሁ፣ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ ሳትሰጡ ሪፈር አትጻፉ። የሰጣችሁትንም ከነሰዓቱ ጻፉልን። ያለ ማዘዣ አሞክሳሲሊን ሽሮፕ የሚሸጡት ደግሞ፣ እዚህ የሉም እንጂ የምነግራቸው ነበረኝ። ሽሮፑ በሽታውን ሳያድን ጀርሙን ከላብራቶሪ ይደብቅብናል።

ክትባቱን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ማጅራት ገትር ከሚያመጡ ጀርሞች የሚከላከሉት ፔንታና ፒሲቪ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፤ የቀረ ካለ ቤቱ ድረስ ሂዱ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልውረድ። ማጅራት ገትር ጆሮ ይጎዳል። ድኖ የወጣ ልጅ ሲጠሩት ካልዞረ «እልኸኛ ሆነ» እንዳይባል። ቤት ለቤት ስትዞሩ ጠይቁ፣ ጆሮው እንዲታይም ላኩት።