በየደቂቃው አንድ ጀሪካን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ጎንደር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ነው የማወራችሁ።

«ልብህን አታድክመው። ለሰው የተሰጠው ምት የተቆጠረ ነው።» ይህን ያለችኝ እናቴ ናት፤ በየማለዳው የጎሃን አቀበት መውጣት የጀመርኩ ሰሞን። ይኸው ስምንት ወር ሆነው፤ ንግግሯ ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ብዙ እናቶችና አባቶች እንዲህ ያምናሉ፤ የሚያምኑትም ለእኛ ሲሳሱ ነው። ስለዚህ በአክብሮት ልመልስላት እፈልጋለሁ።

ከቤት ዕቃ ልጀምር። አሁን ተቀምጣችሁ ስትሰሙኝ ልባችሁ በአንድ ምት የሚረጨው ደም 70 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ በሉት። ያን ሲኒ በደቂቃ ወደ 70 ጊዜ ይገለብጠዋል። ሲሰላ 5 ሊትር ያህል ይሆናል፤ አንድ የዘይት ጀሪካን። ስፖርት የማያዘወትር ጤነኛ ወጣት ባለ በሌለ ኃይሉ ሲሮጥ ደግሞ ልቡ በደቂቃ ወደ 20 ሊትር ይረጫል። ይህ ውሃ የምንቀዳበት ቢጫው ጀሪካን ነው፣ ሙሉው፣ በአንድ ደቂቃ። ውሃ በጠፋ ጊዜ ያን ጀሪካን ተሸክሞ ዳገት የወጣ የከተማችን ሰው ክብደቱን ያውቀዋል። ይህን የሚያደርገው ጭብጥ የምታህል ሥጋ ናት።

ልብ ይህን የሚችለው በከፊል በመፍጠን ነው። ለብቻው ቢተው በደቂቃ 100 ጊዜ ያህል ይመታ ነበር፤ ስናርፍ ዝግ የሚያደርገው ቬገስ የሚባለው ነርቭ ፍሬን ይዞበት ነው። አቀበቱን ስንጀምር መጀመሪያ የሚሆነው ያ ፍሬን መለቀቁ ነው፤ ልብን የሚያፈጥነው ሆርሞን፣ አድሬናሊን፣ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቆላማው መተማ ኖሮ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልቡ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየሩ ይሳሳበታል።

ፍጥነት ብቻውን ግን አይበቃም። ልብ የሚረጨው የተመለሰለትን ደም ነው፤ የሚመልሰው ደግሞ እግራችን ነው። በእያንዳንዱ እርምጃ የባታችን ጡንቻ ደም መልስ ሥሮችን ይጨምቃል፤ በሥሮቹ ውስጥ ያሉት ክዳኖች ወደ ታች ስለማያሳልፉ ደሙ ወደ ላይ ይገፋል። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክና እንግሊዛዊው ኧርነስት ስታርሊንግ እንዳሳዩት፣ የልብ ጡንቻ በተሞላና በተለጠጠ መጠን አጥብቆ ይጨመቃል። ብዙ ሲመጣለት ብዙ ይሰጣል። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

እኔ የተማርኩት ግን በክፉ አጋጣሚ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ጎሃ አናት ደርሼ የአጥሩን ድንጋይ ተደግፌ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ቁልቁል የፋሲል ግንብ ይታየኝ ነበር። ግንቡ ከዳር ዳር እየጠቆረ መጣ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ላቤ ቀዘቀዘ። ባቴ መጭመቁን ሲያቆም ደሙ እግሬ ላይ ቀርቶ፣ ልቤ እየፈጠነ የሚረጨው አጥሮት ነው። ቁጭ አልኩና አለፈልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አናት ስደርስ አልቆምም፤ አምስት ደቂቃ ዝግ ብዬ እራመዳለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፣ አደራ። ደረቱን የሚወጋው ወይም እየተራመደ ራሱን የሚስት ሰው ግን በዚህ ምክር አይለፈው፤ ሐኪም ጋር ይሂድ።

አሁን ወደ እናቴ ነገር ልመለስ። ስጀምር ጠዋት ከአልጋ ሳልነሣ የእጄን ትርታ ስቆጥረው 84 ነበር፤ አሁን 66 ነው። በእረፍት ጊዜ ሰውነቴ የሚፈልገው 5 ሊትር ብዙም አልተለወጠም። ስለዚህ ያኔ በአንድ ምት 60 ሚሊ ሊትር የምትሰጥ ልብ አሁን ወደ 76 ትሰጣለች ማለት ነው። ሲኒዋ ሰፋች። በደቂቃ 18 ምት ሲተርፍ በ24 ሰዓት ወደ 26 ሺህ ይደርሳል። አቀበቱ ላይ በአንድ ሰዓት የማወጣው ተጨማሪ ምት ከ5 ሺህ አይበልጥም። እናቴ እንዳለችው ምቱ የተቆጠረ ቢሆን እንኳ፣ ቆጣቢው የሚራመደው ሰው ነው።

የታላላቅ ሯጮችም ምሥጢር ከዚሁ የራቀ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 በብራስልስ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ የጨረሰው ልቡ ከእኛ ልብ አብልጦ መፍጠን ስለሚችል አይደለም። የልብ የመጨረሻው ፍጥነት በልምምድ እምብዛም አይጨምርም፤ በዕድሜ ብቻ ይቀንሳል። የሚያድገው በአንድ ምት የሚረጨው ነው። በእንዲህ ያሉ ሯጮች ዘንድ በአንድ ምት 200 ሚሊ ሊትር ሊደርስ ይችላል፤ ሦስት ሲኒ ሊሞላ ምን ቀረው። በደቂቃም ከ35 ሊትር ያልፋል።

ባለፈው እሑድ ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «እጅሽን ስጪኝ» አልኳትና ሁለት ጣቴን አንጓዋ ላይ አኖርኩ። ሰባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁስቋም ደብረ ፀሐይን በእግሯ ነው የምትሳለመው፣ አቀበቱን ወጥታ። ቆዳዋ ቀጭን ነው፤ ትርታው ግን ሙሉና እኩል እኩል ነበር። በ30 ሰከንድ 31 ቆጠርኩ።

«ስንት ሆነ?» አለችኝ።

«62።»

«ያንተስ?»

«66።»

እጇን ከእጄ አወጣችና ነጠላዋን አጣፋች። «ነገ ቁስቋም ስሄድ ትከተለኛለህ» አለችኝ።