አመመኝ ስል ማን ነው ያመመኝ?

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። የምቀዳው ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው፣ አራት ኪሎ። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ ግን የታክሲ ረዳት ድምፅን የሚያቆም መስኮት ገና አልተሠራም። "ፒያሳ፣ ፒያሳ" ሲል ከሰማችሁ እኔን አይደለም የሚጠራው፣ እለፉት።

ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራ ነበር። ሁለቴ ጀምሬ አጠፋሁት። ሰው እግሩ እየነዘረው ስለ መጻሕፍት ሲያወራ ውሸት ውሸት ይላል። እንግዲያው ስለ እግሬ ላውራችሁ።

ዘጠኝ ወር ሆነው። የጀመረው ከግራ እግሬ ጣቶች ነው። አንድ ማታ ካልሲዬን አወለቅሁ፤ እግሬ ግን አሁንም ካልሲ ያደረገ ይመስለኛል። ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ ባዶ እግር ነው። ሳቅሁ። ተቀምጬበት ደንዝዞ ይሆናል ብዬ ተኛሁ። በሳምንቱ "ካልሲው" ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ቀኝ እግሬ ተከተለ። ከዚያ የእጆቼ ጣቶች ጫፍ። ድካሙ ደግሞ ሌላ ነው፤ ስምንት ሰዓት ተኝቼ ስነሳ፣ ስተኛ ከነበረው የባሰ የሚደክመኝ ድካም።

ሥራዬ እርማት ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ሰው የጻፈውን ሳይታተም አነባለሁ፣ የተሳሳተውን በቀይ እስክሪብቶ እነካለሁ። እስክሪብቶው ከእጄ መውደቅ ሲጀምር ነው ለሰው የተናገርኩት። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባል የለ? እኔ እኮ አልደበቅሁትም። እሱ ነው የተደበቀው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ደም ወስዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ "ታይፎይድ ነው" አለኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ስም አገኘሁ ማለት ነው። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ እግሬ እንደነበረ ነው። ሌላ ቦታ ሄድኩ፤ አሁንም ታይፎይድ። ሦስተኛውም እንደዚያው። ሦስት ዙር አንቲባዮቲክ ከዋጥኩ በኋላ ነው አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ዘመዴ ነገሩን ያስረዳኝ። ያ ምርመራ ቪዳል ይባላል። ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ከዦርዥ ፌርናንድ ቪዳል ነው፣ በ1896 እንደ ፈረንጆቹ። ተህዋሲውን ራሱን አይፈልግም፤ ሰውነታችን ለመከላከል የሠራውን ነገር ነው የሚፈልገው። ያ ደግሞ ከድሮ በሽታም ሊቀር ይችላል፣ ከሌላ ኢንፌክሽንም ሊመጣ ይችላል። አንዴ ብቻ ተሠርቶ የሚያስተማምን ምርመራ አይደለም። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር እኔ ላይ በአንድ ሰዓት ፈረደ። እና ትኩሳት እንኳን አልነበረኝም!

ሰውስ? ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። አክስቴ "ብርድ ነው፣ ወለሉ ላይ በባዶ እግርሽ እየሄድሽ" አለች። ጎረቤቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ ቀጥፋ ጨምቃ አጠጣችኝ። እውነቱን ልናገር፣ የዳማከሴ ሽታ ደስ ይለኛል፤ ባያድነኝም አልተከፋሁም። መሥሪያ ቤት አንዱ "ጨጓራ ነው" ይላል፤ ለእሱ ሁሉም ነገር ጨጓራ ነው። አንዷ ደግሞ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን" አለችኝ። እንጦጦ ማርያም ጸበልም ሄጃለሁ፣ ከአክስቴ ጋር። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ አልቅሼ ወጣሁ፤ ቀለለኝ። የሐኪም ቀጠሮዬን ግን አልሰረዝኩም። አክስቴም ሰርዢ አላለችኝም።

አሁን አንድ የእርማት ሠራተኛ ብቻ የሚያስበው ነገር ልንገራችሁ። ታገሱኝ። "ራሴን አመመኝ" እንላለን አይደል? ዓረፍተ ነገሩን እስቲ ፍቱት። የታመመው ራስ ነው፤ የሚሰማኝም እኔ ነኝ። አሳማሚው ማን ነው? የለም። "አመመኝ" ስል አንድ "እሱ" አለ፣ ግን ስም የለውም። "ደከመኝ"፣ "በረደኝ"፣ "ራበኝ"፣ "አዞረኝ"፤ ሁሉም እንደዚያው ናቸው። አንድ የማናየው ባለቤት አለ፤ ይሠራል፣ እኛ ላይ ያርፋል፣ ስሙን ሳይናገር ይሄዳል። ሃያ ዓመት ሙሉ ባለቤት የጠፋበትን ዓረፍተ ነገር ሳርም ኖሬ፣ አሁን ራሴ ባለቤቱ የጠፋ ዓረፍተ ነገር ሆንኩ።

ሐኪም የምንሄደው ያንን "እሱ" ስም እንዲያወጡለት ነው። ስም ከወጣለት መድኃኒት ባይኖረው እንኳን ለሰው የሚነገር ነገር ይሆናል። አለቃዬ "ምንሽን ነው ያመመሽ?" ሲለኝ "ስኳር ነው" ብል ዝም ይላል፣ ያዝንልኛል። "አልታወቀም" ስል ግን ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ያልፋል። አይናገረውም። እኔ ግን አነበዋለሁ፤ ማንበብ ሥራዬ ነው።

ደግሞ ሰላምታችን አለ። በቀን ስንት ጊዜ ነው "ደህና ነሽ?" የምንባለው? "ደህና ነሽ? ሰላም ነሽ? በጣም ደህና? ጤና ነው?" መልሱ አንድ ነው፣ "እግዚአብሔር ይመስገን"። በጠዋት ከቤቴ እስከ ታክሲ ስድስቴ ያህል "ደህና ነኝ" እላለሁ። ክፋት የለውም፣ ሰላምታ ነው። ግን እግሬ እየተለበለበ ስድስቴ ደህና ነኝ ስል፣ ሰባተኛው ላይ ራሴንም እጠራጠራለሁ። ምናልባት ደህና ነኝ? ምናልባት እያካበድኩ ነው?

ከሁሉ የገረመኝ ግን የውጤት ቀን ነው። ስኳር የለም። ታይሮይድ ደህና ነው። ኩላሊት ደህና ነው። ሲስተሯ ፈገግ ብላ "ነጻ ነሽ" አለችኝ። እማዬ ስልክ ላይ "ተመስገን!" ብላ ልታለቅስ ደረሰች። እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ግን የደስታ አልነበረም። አንድ ነገር ቢገኝብኝ ተመኝቼ ነበር። ይኼንን ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ለማን ይነገራል? ሰው በሽታ ተመኘሁ ይላል? በሽታ አልተመኘሁም። በሽታውማ እግሬ ላይ አለ። የተመኘሁት ወረቀት ላይም እንዲኖር ነው።

በሌሊት ደግሞ ስልኬ አለ። ስምንት ሰዓት ላይ "እግር መደንዘዝ" ብዬ ጻፍኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አራት በሽታ ይዞኝ ነበር፣ ሁለቱ ገዳይ ናቸው። ልቤ መምታት ጀመረ፣ ከንፈሬ ነዘረኝ፣ እጄ ነዘረኝ። ይኸው ገባ፣ ወደ ፊቴ ወጣ አልኩ።

ይህንን ለአንድ ወጣት ሐኪም ነገርኩት። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ "ጭንቀት ነው" ተብዬ ተሸኝቻለሁ፤ ጥርሴን ነክሼ ነው የገባሁት። እሱ ግን ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ ጠየቀኝ፣ "ይወጋሻል፣ ያቃጥልሻል፣ ይነዝርሻል ወይስ ይቆረጥምሻል?" ወዳጆቼ፣ ልስመው ምንም አልቀረኝም። አማርኛ ለሕመም ስንት ቃል አላት! ውጋት አንድ ነው፣ ቁርጥማት ሌላ ነው፣ መጠዝጠዝ ሌላ። ለሐኪሙ ደግሞ ልዩነቱ ጌጥ አይደለም። የሚነዝርና የሚለበልብ ሕመም ወደ ነርቭ ይጠቁመዋል፤ የሚቆረጥመው ወደ መገጣጠሚያ ሊመራው ይችላል። ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ "ይነዝረኛል" ያልኩት ምን ሆኖ እንደተጻፈ አላውቅም። ግን መጀመሪያ በእኔ ቃል ሰማው።

ስለ ሌሊቱም አልሳቀብኝም። ሰው ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ያኔ ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ከንፈርና ጣት ይነዝራል አለኝ። "የከንፈርሽ ይኼ ሊሆን ይችላል። የእግርሽን ግን ይኼ አያስረዳውም፣ እንፈልገዋለን።" ሁለቱም እውነት መሆን ይችላል ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ጭንቀትም አለ፣ ሌላም ነገር አለ። አሁን ሌሊት ከንፈሬ ሲነዝረኝ ቀስ ብዬ እተነፍሳለሁ፤ ከንፈሬ ይተወኛል፣ እግሬ ይቀጥላል። ቢያንስ ለይቼ አወቅኋቸው።

ከዚያ "ትጾሚያለሽ?" አለኝ። ሃይማኖቴን የጠየቀኝ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ቫይታሚን ቢ12 ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ምግብ ነው፤ ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል። ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል፣ እግር ይደነዝዛል። እኔ ሁዳዴን 55ቱን ቀን እጾማለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ አለ፤ በፍስኩም ቢሆን የሥጋን ዋጋ ታውቁታላችሁ። ጉበት ለዓመታት የሚሆን ስለሚያስቀምጥ እጥረቱ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣ። ተመረመርኩ። ውጤቱ ጠርዝ ላይ ነው፤ ዝቅተኛ ለመባል ትንሽ የቀረው። ጠርዝ! አሁንም ስም የለም። መርፌውን ጀምረናል፤ የነርቭ ምርመራው ደግሞ ቀጠሮ ተይዞለታል። ኤምአርአይ የወር ደመወዜን ግማሽ ስለሚበላ፣ የግድ ካልሆነ ይቆይ ብለናል።

እንግዲህ እየጠበቅሁ ነው። ስጠብቅ የምሠራት አንዲት ነገር አለችኝ፣ ደብተር። በመጀመሪያ የጻፍኩት ግምት ነበር፤ "ዛሬ የነርቭ በሽታው ተነሳብኝ" ዓይነት። በኋላ አነበብኩትና በቀይ ሰረዝኩት። በየትኛው ማስረጃ? አሁን የምጽፈው የሆነውን ብቻ ነው። "ማክሰኞ፣ ከሥራ በኋላ፣ ሁለቱም እግር፣ ለበለበኝ፣ ሁለት ሰዓት ቆየ። ምሳ ሽሮ። ሌሊት ለአምስት ሰዓት ተኛሁ።" ቀጠሮ ሲደርስ ያንን በአንድ ገጽ አሳጥሬ እይዛለሁ፤ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ግማሹ ይጠፋኛልና። እህቴም አብራኝ ትገባለች፤ እኔ ስፈራ እሷ ትሰማለች። የድሮ ውጤቶቼ ሁሉ በአንድ ፋይል ናቸው፣ ያውም በቀን ቅደም ተከተል። አዎ፣ ሳቁብኝ።

ደብተር ላይ ተጽፎ የማይጠበቅ ነገርም አለ፤ ሐኪሙ አስጠንቅቆኛል። አንድ ጎን በድንገት ከከዳ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተያዘ፣ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ቀጠሮ አይጠበቅም። ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ወዲያው።

መራመድ አልተውኩም። ድሮ ከአራት ኪሎ ተነስቼ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ አራዳ ጊዮርጊስ እስክደርስ ቆሜ አላውቅም። አሁን ዳገቱ ላይ አርፋለሁ። የኮሪደር ልማቱ ብዙ ነገር ወስዶብናል፤ ፒያሳ ያደግሁበት ሰፈር ዛሬ የለም፣ ስለሱ ሌላ ቀን አለቅሳለሁ። ግን የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ አግዳሚ ወንበርም አለ። ድሮ ወንበሮቹን የፎቶ ዕቃ ናቸው እያልኩ እተርባቸው ነበር። አሁን የትኛው ጥላ እንዳለው በቃሌ አውቃለሁ።

ባለፈው ሐሙስ አንደኛው ላይ አረፍ ብዬ አንዲት እናት መጡ፤ ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎኔ ተቀመጡ። "ደህና ነሽ የኔ ልጅ?" አሉኝ። አፌ "እግዚአብሔር ይመስገን" ሊል ተከፍቷል። አላውቅም ምን እንደነካኝ፣ "እግሬን ይነዝረኛል፣ እናቴ፤ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም" አልኳቸው። ዓይን ነው አላሉኝም፣ ብርድ ነው አላሉኝም። ትንሽ ዝም አሉና "እኔን ደግሞ ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል" አሉ። የእሳቸው ከአስመራ መንገድ ጉዞ ጀምሮ ነው አሉ፣ በደርግ ጊዜ። እሱን አወሩኝ። ረጅም ወሬ ነው። ለሥራ ሃያ አምስት ደቂቃ አረፈድኩ።

የነርቭ ምርመራው ማክሰኞ ነው። ካርድ ክፍል ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት መሰለፍ አለብኝ፤ ደብተሬ ሳምሶናይቴ ውስጥ ገብቷል፣ እህቴም ፈቃድ ጠይቃለች። የሚሉኝን እነግራችሁ ይሆናል፤ ላልነግራችሁም እችላለሁ።

ጎረቤቴ ግድግዳውን እየደበደበች ነው፤ ይኼ ድምፅ ከታክሲው አይደለም። ቡና ደርሷል ማለት ነው። አቦሉ አልፎኛል፣ ቶናው ላይ ልድረስ። ቻው።