ዘርፍ፣ ጥልፍ እና የአቦል ፀጉር

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላዬ የሚሰማችሁ ማንኮራፋት የውሻዬ የአቦል ነው። ላስወጣው ነበር፣ ግን የዛሬው ወሬ የእሱም ስለሆነ ይተኛ ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ፎቶ ከለጠፍኩ በኋላ ብዙዎቻችሁ ስለ ቀሚሱ ጠየቃችሁኝ። ረጅሙ፣ ነጣ ያለው፣ እጅጌው ሰፊ የሆነው። ከየት ነው፣ ስንት ገዛሽው፣ ጉልበቱ ላይ ያለችውን ቡናማ ጥልፍ ማን ሠራልሽ። ቀሚሱ ከመርካቶ ነው፣ ሳልቫጅ ነው። ጥልፏን የሠራሁት እኔ ነኝ። ለማሳመር ብዬ አይደለም የሠራኋት፣ ከስሯ ታጥቦ ያልለቀቀ ደም አለ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከሽሮ ሜዳ ጨርቅ ገዝቼ ወደ ቤት እየተመለስኩ። መሽቷል፣ ያካፋል። መንገድ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ጠጋ ስል አንድ ቡናማ ውሻ መኪና ገጭቶት ቦዩ ጠርዝ ላይ ወድቋል። የገጨው ሰው ሄዷል። አንድ ልጅ «ተይው እህቴ፣ አይተርፍም፣ ደግሞ ይነክስሻል» አለኝ። እውነቱን ነበር፣ ነከሰኝ። የተጎዳ ውሻ የሚወደውን ሰው እንኳን ይነክሳል፣ ህመሙ ነው እንዲያ የሚያደርገው። ያኔ ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ አንድ ቀን ይጠቅማችሁ ይሆናል። ነጠላዬን አጥፌ አፉን አሰርኩለት፣ መተንፈስ እንዲችል ላላ አድርጌ። ከዚያ የገዛሁትን አዲስ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግተን፣ ቀስ አድርገን እላዩ ላይ ስበን፣ በአራት ጫፉ እንደ ቃሬዛ ይዘን ላዳ ውስጥ አስገባነው። ሹፌሩን ስለ ወንበሩ ይቅርታ ብለው «ወንበር ይታጠባል» አለኝ። ይሄን ሰውዬ እስከዛሬ እመርቀዋለሁ። የውሻው ጭንቅላት ጭኔ ላይ ነበር፣ ያ ቀሚስ ላይ።

የነከሰኝን ቦታ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ አጥቤ በማግስቱ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄጄ ክትባት ጀመርኩ። ጭረት ናት ብላችሁ እንዳትተዉት፣ እባካችሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከጀመረ መዳኛ የለውም፣ በጊዜ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል። በአንድ ቦታ ካሉት ውሾች 70 በመቶው በየጊዜው ከተከተቡ በሽታው መዛመት ያቆማል። እኛ ሰፈር ግን ሲፈራ ወዲያው የሚታሰበው በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ነው። ጠዋት በር ስትከፍቱ፣ ትናንት ጅራቱን ሲቆላላችሁ የነበረ ውሻ ተዘርሮ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ነገር ዛሬ ብዙ ማውራት አልችልም።

አቦል አንድ እግሩ ተቆረጠ። በሦስቱ ግን ደረጃ ላይ ይቀድመኛል። አቦል ያልኩት የመጀመሪያዬ ስለሆነ ነው። ከእሱ በኋላ ድመቷ መጣች፣ ቶና ሆነች። በረካ ደግሞ አህያ ነው፣ እሱ ጋ እንደርሳለን።

ቀሚሱን ያን ሌሊት በሙቅ ውሃ ነከርኩት። ደም በሙቅ ውሃ ይረጋል፣ በቀዝቃዛ ነበር የሚታጠበው፣ ያኔ አላወቅኩም። አንድ መዳፍ የምታህል ቡናማ ቦታ ቀረች። ብዙ ቀን ተሰቅሎ ነበር፣ አልጥለው አልለብሰው። ከዚያ አንድ እሁድ ቁጭ ብዬ የቦታዋን ዳር ዳር እየተከተልኩ በቡናማ ክር ጠለፍኳት። ቅርጿን አልለወጥኩም።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በፊት ልብሶቼን እፈራቸው ነበር። ቦሆ እለብሳለሁ እላለሁ፣ ረጅም ቀሚስ፣ ዶቃ፣ ዘርፉ የተንዠረገገ ሻርፕ፣ ነፃ የሆንኩ የምመስልበት ነገር ሁሉ። ሳር ላይ ግን አልቀመጥበትም። ልጅ እጁን በምግብ ለውሶ ሲመጣ ወደ ኋላ እላለሁ። ነፃ ልብስ ለብሶ እንደዚያ መሳቀቅ ምን የሚሉት ነው?

ይህ አለባበስ ከየት መጣ ብዬ ማንበብ የጀመርኩትም ያኔ ነው። ቦሆ፣ ቦሄሚያን ከሚለው ቃል ያጠረ ነው። ቦሄሚያ ዛሬ ቼክ በምንላት አገር ውስጥ ያለ ግዛት ነው። ፈረንሳዮች የሮማ ሕዝቦችን፣ ጂፕሲ እየተባሉ የሚጠሩትን፣ ከዚያ የመጡ መስሏቸው ቦሄሚያን ይሏቸው ነበር። ከዚያ በ1830ዎቹና 40ዎቹ እ.ኤ.አ ፓሪስ ውስጥ በርካሽ ቤት ተጠግተው የሚኖሩ ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች ስሙን ወረሱት። ሮማዎቹ ግን በዚያው ስም ከየከተማው ሲባረሩ ኖረዋል፣ ይህን ረስቶ ስሙን በደስታ መጠቀም ይከብደኛል። ሠዓሊዎቹም ቢሆኑ አሮጌ ካፖርት የለበሱት በአብዛኛው ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው። አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ልብስ ነበር። ለንደን ውስጥ ደግሞ በ1860ዎቹ ከሠዓሊዎች ጋር የሚውሉ ሴቶች ወገብ የሚያንቀውን ኮርሴት ጥለው ሰፋ ያለ፣ የሚፈስ ቀሚስ ለበሱ። ከእነዚያ ሠዓሊዎች አንዱ ሮሴቲ፣ ቴምዝ ወንዝ አጠገብ ያለ ቤቱ ውስጥ ፒኮክም ዎምባት የሚባል የአውስትራሊያ እንስሳም ያኖር ነበር። ዎምባቱ በ1869 እ.ኤ.አ መጥቶ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ለጌጥ የመጣ እንስሳ ነበር፣ ከሩቅ አገር፣ ለእንግዳ የሚታይ። ቤቱ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያስጌጥ ሳስበው ያመኛል።

እኛ ጋ ሳልቫጅ የምንለው ቃልስ? ከእንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ ከሰመጠ መርከብ ወይም ከተቃጠለ ቤት የተረፈውን ዕቃ ማውጣት፣ ማትረፍ ማለት ነው። እኛ አፍ ውስጥ የፈረንጅ ልባሽ ሆኖ ቀረ። መርካቶ ጠዋት ቦንዳ ሲፈታ ቆማችሁ ካያችሁ ግን ቃሉ ትክክል ነው። ሻጩ ከምሩ ላይ እየመዘዘ ይወረውራል፣ ሴቶቹ ይሻማሉ፣ እኔ ከስር የሚቀረውን እጠብቃለሁ። ቁልፉ የረገፈ፣ ጫፉ የተተረተረ፣ ብብቱ የተቀደደ። «እህቴ ያንን እንኳን ተይው፣ ለመወልወያ ነው» ይሉኛል። እኔ ቤት ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፣ እራፊ ይጣፍበታል፣ ቁልፍ ይተከልለታል።

ከእንስሳ ጋር ለሚኖር ሰው የጨርቅ ነገር ልንገራችሁ። ከፋይ አትግዙ፣ ፀጉር አንዴ ከያዘ አይለቅም። ለስለስ ያለ ሱፍም እንደዚያው ነው። ጠበቅ ተደርጎ የተሸመነ ጥጥ ግን አራግፋችሁት ትሄዳላችሁ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ እጅ የወጣ ወፍራም ጥጥ፣ አቦል ተንከባሎበት፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ መቶት፣ እንደገና እለብሰዋለሁ፣ ደግሞ ባጠብኩት ቁጥር ይለሰልሳል። ቶና ጥፍሯን ብትሰካ አንድ ክር ትመዛለች እንጂ እንደ ፖሊስተር ሹራብ እስከ ብብት አትተረትረውም።

ዘርፍ ነው ያስቸገረኝ። ዘርፍ እወድ ነበር፣ የጋቢ ጫፍ፣ የሻርፕ፣ የቦርሳ፣ የመጋረጃ። አንድ ጠዋት ቶና አልበላም አለች። ቁጭ ብላ ምራቋን ትውጣለች፣ አፏን በእግሯ ትነካካለች። ብርሃን ላይ ወስጄ አፏን ስከፍት ምላሷ ስር የተጠመጠመ ቀይ ክር አየሁ። የሻርፔ ዘርፍ ነበር፣ አንዱ ጫፍ ምላሷ ላይ ተይዟል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ወርዷል። እጄ ሊስበው ደረሰ። አንድ የሰማሁት ነገር ትዝ አለኝና ተውኩት፣ ይዣት ሮጥኩ። የእንስሳት ሐኪሟ ያስረዳችኝን ዛሬም አልረሳውም። ድመት ክር ስትውጥ አንዱ ጫፍ ከተያዘ፣ አንጀቱ ክሩን ወደ ታች ሊገፋ ሲታገል፣ ክሩ ላይ እየተሰበሰበ ይመጣል። መቀነቻ የገባበትን የጉርድ ወገብ አስቡት፣ ገመዱን ስትስቡት እንዴት እንደሚጨማደድ። አንጀቷ እንደዚያ ይሆናል። ያንን ከውጭ ብትስቡት ክሩ አንጀቱን ይቆርጠዋል። በአፍም በኋላም የወጣ ክር ካያችሁ፣ አትሳቡ፣ ሐኪም ጋ ውሰዱ። ቶና በቀዶ ሕክምና ተከፍታ፣ ተሰፍታ፣ ሆዷ ተላጭቶ፣ በቀጭን ድምፅ እየጮኸች ቤት ገባች። ያን ሌሊት መቀስ ይዤ የቤቱን ዘርፍ ሁሉ ስቆርጥ አደርኩ። አለቀስኩም። አሁን የቀረኝ አንድ ጋቢ ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ዶቃም ያው ነው፣ ክሩ ሲበጠስ አንድ በአንድ ቆጥሬ ነው የማነሳው።

ስለ ቆዳና ላባም ጠይቃችሁኛል። የላባ ጉትቻ ነበረኝ፣ አሁን አላደርገውም። ቆዳ ጫማ አለኝ፣ አሮጌ ነው፣ እስኪያልቅ እለብሰዋለሁ፣ አዲስ ግን አልገዛም። ዛጎሉን አላወለቅኩም፣ የአያቴ ነው፣ እሱም አንድ ጊዜ ቀንድ አውጣ ይኖርበት እንደነበር ግን አውቃለሁ። ጥያቄውን ጨርሼዋለሁ ብዬ አልዋሻችሁም።

ሌላ ሳልነግራችሁ የማላልፈው ሰው አለ። ፈረንሳዊቷ ተዋናይ ብሪዥት ባርዶ። በባዶ እግሯ፣ በሚፈስ ቀሚስ፣ ፀጉሯን ሳታበጥር፣ ስንቱ እሷን ለመምሰል ሲለፋ ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ ሲኒማን ተወች፣ በ1986 ለእንስሳት የሚሠራ ፋውንዴሽን አቋቋመች፣ በ1987 ደግሞ ለፋውንዴሽኑ ገንዘብ ለማሰባሰብ ጌጣጌጧንና ልብሶቿን በጨረታ ሸጠች። ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ልቤን ትነካኛለች፣ ሁሉም የሚመኘውን ልብስ ማንም ለማይፈልገው እንስሳ ብሎ መሸጥ። ግን ይህችው ሴት ስለ ስደተኞችና ስለ ሙስሊሞች በተናገረችው የጥላቻ ንግግር ፍርድ ቤት በተደጋጋሚ ቀጥቷታል። ለውሻ የሚራራ ልብ ለሰው እንዴት ይደነድናል?

ይህን የምለው ጥያቄው ቤቴ ድረስ ስለመጣ ነው። ጎረቤቴ እማማ ቡና ልትጠጣ መጥታ አቦልን ጋቢ ላይ ተኝቶ አየችው። ለእሷ ውሻ ቤት ውስጥ መግባቱ ራሱ ከባድ ነው። ዝም ብላ ቆየችና «ልጄ፣ ሰው ብርድ እየገደለው ውሻ ጋቢ ይለብሳል?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፣ አዝና ነው። የምመልሰው አጣሁ። በማግስቱ ሁለተኛውን ጋቢዬን ለሰፈራችን የሌሊት ጥበቃ ወስጄ ሰጠሁት። ማታ ሳልፍ አንድ ነጭ ውሻ እግሩ ስር ተጠቅልላ፣ የጋቢውን ጫፍ እላይዋ ላይ ጣል አድርጎላት አየሁ። ለእማማ ነገርኳት። «እንግዲህ» አለች፣ ሌላ አልጨመረችም። አሁን ለአቦል የእንጀራ ፍርፋሪ ታመጣለች፣ ከበሩ ውጭ ቆማ ትጠራዋለች።

በረካ ጋ ደረስን። ኢትዮጵያ ከዓለም አገሮች ሁሉ ብዙ አህያ ያለባት ናት። በረካ ሽማግሌ ነው፣ ጀርባው ቆስሎ ዝንብ ወሮት መንገድ ላይ ተጥሎ ነው ያገኘነው። ለጅብ ነበር የተተወው፣ ከእንጦጦ በሌሊት እንደሚወርዱ ታውቃላችሁ። አሁን ሱሉልታ አጎቴ ግቢ ነው፣ ማታ ማታ በረት ይገባል። ቁስሉ ከጭነቱ ብዛት ብቻ አልመጣም። ከጭነቱ ስር የሚነጠፍለት ማዳበሪያ ጆንያ ነበር፣ የታሰረው ደግሞ በናይሎን ገመድ። ፕላስቲክ ላብ አይመጥም፣ ይፍቃል፣ ይቆርጣል። ለአህያ የሚያስፈልገው አከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ወፍራም ጥቅሎች ናቸው፣ መሀሉ ባዶ ሆኖ፣ ሸክሙ አጥንቱን እንዳይነካው። አጎቴ አሁን ትንሽ ውሃ ብቻ ያስመላልሰዋል፣ ግን ለትንሿም መደላድል ያስፈልጋል። እኔ እሠራለሁ። ላዩን ከጥጥ እሰፋዋለሁ፣ ውስጡን ከእንግዲህ ለመጣፍም በማይሆን ሳልቫጅ እሞላዋለሁ፣ የተቀዳደደ ጂንስ፣ ብል የበላው ሹራብ። ያን ሌሊት የቆረጥኩት ዘርፍ ሁሉ እዚያ ገብቷል።

የመጀመሪያው ጥቅል አልቋል። ሁለተኛውን ከእናንተ ጋር እያወራሁ እየሞላሁት ነበር፣ የቀረኝ አፉን መስፋት ነው፣ ቅዳሜ ይዤው ወደ ሱሉልታ እወጣለሁ። አሁን ግን አቦል እላዩ ላይ ተኝቶበታል። ሲነሳ እሰፋዋለሁ። ደህና እደሩ።