አዲስ የልብ መድኃኒት ጥናት ላይ ልሳተፍ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በልብ ሕክምና ሙከራዎች ላይ ባደረግነው ውይይት ብዙ ስልክ ተደውሎ ሰዓቱ ለሁሉም አልበቃም። አብዛኞቹ ደዋዮች ከአዲስ አበባ ዙሪያ ነበሩ። ጥያቄዎቹን ከሙሉ መልሳቸው ጋር እነሆ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከኮዬ ፈጬ፦ «አባቴ የልብ ድካም አለበት። ክትትል ሲሄድ ሐኪሙ ‹አዲስ መድኃኒት የሚጠናበት ምርምር አለ፣ ይሳተፉ ይሆን?› አለው። ግማሹ ሰው ባዶ ክኒን ነው የሚሰጠው ሲሉ ሰማሁ። አባቴን ያለ መድኃኒት ሊተዉት ነው እንዴ?»

አይደለም። በልብ ድካም ጥናቶች በአብዛኛው አዲሱ መድኃኒት የሚጨመረው በነባሩ ላይ ነው። ዳፓ ኤች ኤፍ የተባለውንና ውጤቱ በ2019 የወጣውን ጥናት እንውሰድ። 4,744 ሕሙማን የየራሳቸውን መድኃኒት እንደያዙ በዕጣ ለሁለት ተመደቡ። አንደኛው ወገን በቀን 10 ሚሊግራም ዳፓግሊፍሎዚን፣ ሌላው መልኩም መጠኑም አንድ ዓይነት የሆነ ማስመሰያ ክኒን ተጨመረለት። ከአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ክትትል በኋላ ሕመሙ የከፋበት ወይም በልብና በደም ሥር ምክንያት የሞተው ሰው መድኃኒቱን ከወሰዱት 16.3 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከወሰዱት ደግሞ 21.2 በመቶ ሆነ። መድኃኒቱ መጀመሪያ ለስኳር ሕመም የተሠራ ነበር፤ ስኳር የሌለባቸውም እንደሚጠቀሙ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

«ጥሩ መስሎ ከታየ ለሁሉም ለምን አይሰጥም?» ለሚል ደግሞ ካስት የተባለው ጥናት መልስ አለው። የልብ ድንገተኛ ጥቃት ደርሶባቸው በተረፉና ምታቸው በሚዛባ ሰዎች ላይ ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ መድኃኒቶች ተሰጡ። በኢ.ሲ.ጂ (የልብን ምት በሚመዘግብ ምርመራ) ሲታይ ምቱ ተስተካክሏል፤ ሐኪሞችም ደስ ብሏቸው ያዝዙት ነበር። በ1989 የሁለቱ መድኃኒቶች ሙከራ ያለ ጊዜው እንዲቆም ተደረገ። በ1991 በወጣው ሙሉ ዘገባ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 743 ደግሞ 26 ሞተው ነበር። ማስመሰያ የሚወስድ ወገን ባይኖር ኖሮ ሞቱን ሁሉ የሕመሙ ጥፋት ነው ብለን እናልፈው ነበር።

አባትዎ ከመፈረማቸው በፊት ግን ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ሐኪማቸው ይህን ሲጠይቃቸው ሁለት ሥራ ደርቦ ነው፤ ያክማቸዋል፣ መረጃም ይሰበስባል። የጥናቱ ዓላማ ለወደፊት ሕሙማን የሚሆን ዕውቀት ማግኘት ነው። ለእሳቸው የተሻለ ሕክምና እንደተመረጠላቸው አድርገው ከገቡ፣ በኋላ ያዝናሉ። ስለዚህ ደረጃው ስንተኛ እንደሆነ ይጠይቁ። አንደኛ ደረጃ በጥቂት አሥርና መቶ በማይሞሉ ሰዎች ላይ የመድኃኒቱን ደኅንነትና መጠን ያያል። ሁለተኛው በመቶዎች፣ ሦስተኛው ብዙ ጊዜ በሺዎች ላይ ነባሩን ሕክምና ይበልጥ እንደሆነ ይመዝናል። አራተኛው መድኃኒቱ ከተፈቀደ በኋላ የሚደረግ ክትትል ነው። ሦስተኛ ደረጃ የደረሰ መድኃኒት ስለ ጉዳቱ ብዙ የታወቀለት ነው፤ አንደኛ ደረጃ ላይ ያለው ግን ገና ነው።

ቀጥሎ ይህን ይጠይቁ፦ ከነባሩ መድኃኒት የሚቆም አለ? በወር ስንት ጊዜ እንመጣለን፣ ከኮዬ ፈጬ የትራንስፖርቱን ማን ይችላል? በጥናቱ ምክንያት ጉዳት ቢደርስ የሚያሳክመው ማን ነው፣ የመድን ሽፋኑስ በጽሑፍ አለ? ጥናቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ ይቀጥላል ወይስ ይቋረጣል? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እኛ ግን ከሁሉም አብልጠን የምንይዘው እሱን ነው።

ነባር መድኃኒት የሚያስቆሙ ጥናቶችም አሉ። በ2014 የታተመው ፓራዳይም ኤች ኤፍ የተባለ ጥናት ሳኩቢትሪል ከቫልሳርታን ጋር የተዋሐደበትን አዲስ ክኒን ከነባሩ መድኃኒት ከኢናላፕሪል ጋር አወዳደረ፤ አዲሱም በለጠ። አዲሱ ክኒንና ኢናላፕሪል አብረው ከተወሰዱ ግን ፊት፣ ምላስና ጉሮሮ ሊያብጥና ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላል። አዲሱን ለመጀመር ከመጨረሻው ኢናላፕሪል በኋላ 36 ሰዓት መጠበቅ ግድ ነው። ቤት የቀረው የኢናላፕሪል ብልቃጥ በስህተት እንዳይወሰድ ወደ ሆስፒታሉ ይመለስ።

ከሰበታ፦ «ልጄ ከቶንሲል የመጣ የልብ ሕመም አለባት፤ የወር መርፌ ትወጋለች። በቴሌግራም ‹መርፌው በክትባት ሊተካ ነው› የሚል አየሁ። መርፌው በጣም ስለሚያማት እስከዚያው ላቋርጥላት?»

እባክዎ አያቋርጡ። ይህን ሕመም በሚያመጣው ባክቴሪያ ላይ የሚሠሩ ክትባቶች በሙከራ ላይ ናቸው፤ ለሕዝብ አገልግሎት የተፈቀደ ግን አንድም የለም።

መርፌው ምን ያህል እንደሚሠራ በደንብ ያሳየው ጎል የተባለው የኡጋንዳ ጥናት ነው። ምልክት ሳይኖርባቸው በኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምርመራ ጅምር የልብ በር ጉዳት የተገኘባቸው 818 ልጆች ተካፈሉ፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 ዓመት ነበር። ገሚሱ በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተወጋ፣ ገሚሱ አልተወጋም። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉዳቱ የባሰባቸው ከተወጉት 0.8 በመቶ፣ ካልተወጉት 8.2 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰፊ ልዩነት በልብ ጥናት ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ሕመሙን መቀነስ ይቻላል። ክብደቷ 30 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ መጠኑ 1.2 ሚሊዮን ዩኒት፣ ከዚያ በታች ከሆነ 600,000 ነው። መድኃኒቱ በውኃ የሚበጠበጥ ነጭ ዱቄት ስለሆነ በደንብ ካልተነቀነቀ ወይም ተበጥብጦ ከቆየ መርፌው ውስጥ ይደፈናል፤ ያኔ ልጅቷ ሁለት ጊዜ ትወጋለች። ነርሷ ብልቃጡን በእጇ አሙቃ፣ ወዲያው፣ ጡንቻ ውስጥ በቀስታ ትስጣት። ልጅቷ ቁርስ በልታ፣ ውኃ ጠጥታ ትሂድ፤ ተኝታ ትወጋ፤ ከተወጋች በኋላም ጤና ጣቢያው ውስጥ ትንሽ ትቆይ።

በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ያወጣው ማሳሰቢያ ይጨመርበት። የልብ በራቸው ክፉኛ የጠበበ ወይም ልባቸው የደከመ ሕሙማን ከተወጉ በኋላ በድንገት ሲያልፉ ሁሌ በፔኒሲሊን አለርጂ ይሳበብ ነበር። ማኅበሩ ግን ብዙው ሞት ከልቡ ድካም ሊሆን እንደሚችል ገልጾ፣ ለእንደዚህ ያሉ ሕሙማን በአፍ የሚወሰድ ፔኒሲሊን በጥብቅ እንዲታሰብ መክሯል። የልጅዎ ኢኮ ውጤት «ከባድ» የሚል ከሆነ ይህን ከልብ ሐኪሟ ጋር ይነጋገሩበት፤ ለውጡን የሚወስነው ሐኪሟ ነው። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ደግሞ ብዙ ፔኒሲሊን በአንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር ቀስ ብሎ እየገባ ለወራት እንዲቆይ የማድረግ ሙከራ ተጀምሯል። ተስፋ የምናደርግበት ነገር ነው።

ከቡራዩ፦ «የልብ በሬ ጠቧል፣ ምቴም የተዛባ ነው። ዋርፋሪን እወስዳለሁ። ለደም ምርመራ መመላለሱ ሰለቸኝ። ውጭ ያለች እህቴ ‹ምርመራ የማይፈልግ አዲስ ደም ማቅጠኛ ልላክልሽ› ትለኛለች።»

እህትዎ አስበውልዎት ነው፤ ለእርስዎ ዓይነት ሕመም ግን አይሆንም። ብዙ ሐኪሞችም አዲሱ ቢያንስ ከዋርፋሪን እኩል ይሆናል ብለው ጠብቀው ነበር። ኢንቪክተስ የተባለው ጥናት ከ4,500 በላይ የሩማቲክ (ከቶንሲል የመጣ) የልብ ሕመምና የተዛባ ምት ያለባቸውን ሰዎች በአፍሪካ፣ በእስያና በላቲን አሜሪካ 24 አገሮች ውስጥ ተከታተለ። በ2022 ውጤቱ ሲወጣ አዲሱን ደም ማቅጠኛ ሪቫሮክሳባንን ከወሰዱት 552፣ ዋርፋሪንና መሰሎቹን ከወሰዱት 442 ሰዎች ሞተዋል። ሁለቱ ወገኖች በቁጥር እኩል ለማለት ይቻላል። በዋርፋሪን ምክንያት የከፋ ደም መፍሰስም አልበዛም። አንዳንዶች ዋርፋሪን የሚወስዱት በየወሩ ከሐኪም ጋር መገናኘታቸው ጠቅሟቸዋል ይላሉ፤ ይህ ገና ያከራክራል። የብረት የልብ በር የተተከለለት ሰው ከሆነ ነገሩ ይብሳል። ሌላውን አዲስ ደም ማቅጠኛ ዳቢጋትራንን በእነዚህ ሰዎች ላይ የሞከረው ሪአላይን የተባለ ጥናት 252 ሰው እንደመዘገበ፣ የደም መርጋትም መድማትም ስለበዛ ቆሟል።

ስለዚህ ዋርፋሪኑን በቀላሉ የሚይዙበትን መንገድ እናሳይዎ። ለእርስዎ ዓይነት ሕመም አይ ኤን አር (ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ በምርመራ የሚያሳየው ቁጥር) ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ባለው በሚጥራል በር ቦታ የብረት በር ለተተከለለት ብዙ ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5 ነው። ክኒኑን ሁልጊዜ ማታ በተመሳሳይ ሰዓት ይውሰዱ። ከረሱት በዚያው ቀን ሲያስታውሱ ይውሰዱት፤ ማግስቱን ደርበው አይዋጡ። በጾም ጎመንና ሰላጣ ስለሚበዛ አይ ኤን አር ይወርዳል፣ ጾሙ ሲፈታ ይወጣል። ጎመን አይከለከልም፤ መጠኑ ዓመቱን ሙሉ ተመጣጣኝ ይሁን፣ በጾም መግቢያና መፍቻ ሳምንት ደግሞ ይመርመሩ። ለሽንት ወይም ለሆድ ሕመም የሚታዘዙት ኮትሪሞክሳዞልና ሜትሮኒዳዞል ቁጥሩን ክፉኛ ያሽቅቡታል። ዲክሎፍናክ፣ አይቡፕሮፌንና ያልታዘዘ አስፒሪን ለመድማት ያጋልጣሉ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ድድ መድማቱን ካላቆመ ቀጠሮ አይጠብቁ። ማርገዝ ካሰቡ አስቀድመው ይንገሩ፤ ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንሱን ይጎዳል።

ቁጥሩ ሲረጋጋ ምርመራው ወደ 4 ሳምንት ይራዘማል። በአቅራቢያዎ አይ ኤን አር የሚሠራ ላቦራቶሪ ካለ እዚያ ተመርምረው ውጤቱን በስልክ ማሳወቅ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከለገጣፎ፦ «ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ነርቭ በማቃጠል ግፊት ይድናል ይባላል። እውነት ነው?»

ይቀንሳል እንጂ አይድንም። በ2014 የታተመው ሲምፕሊሲቲ ኤች ቲ ኤን 3 የተባለ ጥናት 535 ሰዎችን አካተተ። ለአንዱ ወገን ነርቩ ተቃጠለ፤ ለሌላው ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ገብቶ የደም ሥሩ ፎቶ ብቻ ተነሥቶ ወጣ፤ ታማሚዎቹ የትኛው እንደተደረገላቸው አያውቁም። ከስድስት ወር በኋላ የላይኛው ግፊት በአንደኛው ወገን በ14፣ በሌላው በ12 ገደማ ወረደ። ልዩነቱ ዋጋ ያለው ሆኖ አልተገኘም። በመሣሪያ ሙከራ የይምሰል ሂደት የሚደረገው ለዚህ ነው፤ ሰው እንደታከመ ሲያምንና ክትትል ሲጠብቅ፣ ክኒኑንም ሳይረሳ ሲውጥ ግፊቱ በራሱ ይወርዳል። መሣሪያዎቹ ተሻሽለው ሁለቱ በ2023 በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ የሚቀንሱት መጠን ግን መካከለኛ ነው።

ለእኛ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ክሪዮል የተባለው ጥናት ይመስለናል። በስድስት የአፍሪካ አገሮች 728 ሕሙማን ላይ ተደርጎ በ2019 ታተመ። አምሎዲፒን የተባለው የግፊት ክኒን ከሌሎቹ የግፊት መድኃኒቶች ከሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ከፔሪንዶፕሪል ጋር ሲሰጥ፣ ከፔሪንዶፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጥምር የተሻለ ግፊት ቀነሰ። ሐኪምዎ አምሎዲፒን ያለበት ጥምር ይስማማዎት እንደሆነ ያጣራ። ቤት ሲለኩ ደግሞ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፣ ሽንት ይሽኑ፣ ጀርባዎን ደግፈው 5 ደቂቃ ይቀመጡ፤ ማሰሪያው በባዶ ክንድ ላይ እንጂ በሹራብ እጅጌ ላይ አይታሰርም።

ከሱሉልታ፦ «ጥናት ነው ብለው ሰፈር መጥተው ደም ስጡ አሉን። እውነተኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?»

ገንዘብ ከጠየቁ ይመልሷቸው። ተሳታፊ ለሚጠናው መድኃኒትም ሆነ ለጥናቱ ምርመራ አይከፍልም። የሥነ ምግባር ኮሚቴ የፈቃድ ደብዳቤ እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ፤ መድኃኒት የሚሞከር ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድም ያስፈልጋል። የምዝገባ ቁጥር ይጠይቁ። የፓን አፍሪካው መዝገብ ቁጥር «ፒ ኤ ሲ ቲ አር»፣ የአሜሪካው «ኤን ሲ ቲ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል፤ ሁለቱንም ማንም ሰው በኢንተርኔት በነፃ ማየት ይችላል።

የስምምነት ቅጹ እርስዎ በሚገባዎት ቋንቋ፣ በአማርኛም ይሁን በአፋን ኦሮሞ፣ መሆን አለበት። ማንበብ ለማይችል ሰው ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ ምስክር ባለበት ይነበብለትና በጣት አሻራ ይፈርማል። አንዱ ቅጂ እርስዎ ጋ ይቀራል። «አሁኑኑ ይፈርሙ» ካሉ አይፈርሙ፤ ቤት ወስዶ ከቤተሰብ ጋር መምከር መብት ነው። በማንኛውም ቀን መውጣትም እንዲሁ፤ መደበኛ ሕክምናዎ በዚህ አይቋረጥም።

ከአስኮ፦ «ጥናት ላይ ነኝ። ጠበል ስሄድ የአምስት ቀን ክኒን አለፈኝ። ብናገር ያስወጡኛል?»

ይናገሩ። የከፋው የተረፈውን ክኒን ጥሎ ባዶ ብልቃጥ መመለስ ነው። እንደወሰዱ ይቆጠራል፤ የሚሠራ መድኃኒት የማይሠራ ይመስላል፣ መጠኑም ያለ በቂ ምክንያት ይጨመራል። ብልቃጡን ከነተረፈው ይመልሱ፤ ፌጦም ሆነ ዳማከሴ፣ የወሰዱትን ሁሉ ያስመዝግቡ። ጠበል ሲሄዱ ክኒኑን ይዘው ይሂዱ። የጥናቱን ካርድ ከመታወቂያዎ ጋር ያኑሩ፤ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ ተረኛው ሐኪም በካርዱ ላይ ባለው ስልክ ደውሎ፣ ለሕክምናው የግድ ካስፈለገ፣ የሚወስዱት መድኃኒቱን ይሁን ማስመሰያውን ማወቅ ይችላል።