ቱል ለምን ይህን ያህል ያስጠብቀናል? (የጋኑን ክዳን ተዉት!)

ሰላም ሰላም ቤተሰቦች! እንኳን በደህና መጣችሁ። ዛሬ ስለ መጠበቅ እናወራለን። አንድ ወር ሁለት ወር አይደለም። ዓመታት ስለሚፈጅ መጠበቅ።

ሁለት ቀኖች ልስጣችሁ፣ ያዙልኝ። ሚያዝያ 24 ቀን 1998። ነሐሴ 24 ቀን 2011። ያዛችሁ? የመጀመሪያው ቱል የተባለው የአሜሪካ ፕሮግረሲቭ ሮክ ባንድ «ቴን ታውዘንድ ዴይስ» (10,000 ቀናት ማለት ነው) የሚለውን አልበሙን አሜሪካ ውስጥ ያወጣበት ቀን ነው። በፈረንጆቹ ሜይ 2 ቀን 2006። ሁለተኛው ደግሞ ቀጣዩ አልበም፣ «ፊር ኢኖኩለም»፣ የወጣበት ነው። ኦገስት 30 ቀን 2019። በእኛ አቆጣጠር አስሉት፦ ልክ 13 ዓመት ከ4 ወር። አንድ ቀን አይጎድል፣ አንድ ቀን አይተርፍ! ይህን ያሰላሁ ዕለት ደስታዬ ሌላ ነበር፤ ወረቀቱን ይዤ እህቴ ክፍል ድረስ ሮጥኩ።

ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት በፈረንጆቹ ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ባንዱ የተመሠረተው በ1990 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። «አንደርቶው» በ1993፣ «ኤኒማ» በ1996፣ «ላተራለስ» በ2001 ወጡ። ከዚያ የ2006ቱ መጣ። ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አምስት ዓመት። ደህና፣ ይህ ይቻላል። ከዚያ ግን 13 ዓመት! አሁን ደግሞ ከ2019 ጀምሮ እንደገና እየቆጠርን ነው። ስድስተኛውን አልበም። አባላቱ በየቃለ መጠይቁ አዲስ ነገር እየሠሩ እንደሆነ ይናገራሉ፣ እኛም አንዲት ቃል ባመለጠቻቸው ቁጥር ልባችን ይንጠለጠላል።

ለምንድነው እንዲህ የሚቆዩት? መልሱን ልነግራችሁ ነው፣ ግን መጀመሪያ ስለ ጠላ ላውራ። አዎ፣ ስለ ጠላ! ትንሽ ታገሱኝ።

አያቴ ጠላ ስትጠምቅ ብታዩ፣ እንደዚያ ዓይነት ጥንቃቄ ሌላ ቦታ አታዩም። ጋኑ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። ጭሱ ገብቶ እስኪጠግብ አፉን ወደታች ደፍታ ታቆየዋለች። ከዚያ ጥንስሱ ይጀመራል፦ የተወቀጠ ጌሾ፣ ብቅል፣ ውሃ። ይህ ለብቻው ቀናት ይቀመጣል። ማንም አይነካውም። ቀጥሎ ቂጣው ይገባል፣ እንኩሮው ይገባል፣ ድፍድፍ ይሆናል። እሱም ራሱን ችሎ ይፈላል። ጆሮህን ጋኑ ላይ ብታስጠጋ ቸስ ቸስ ሲል ትሰማዋለህ። በመጨረሻ፣ በመጨረሻ ብቻ፣ ውሃው ይሞላበትና አፉ ይታሰራል።

እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። በዓል ደርሷል፣ አያቴ ወደ ጓሮ ወጥታለች። ቀስ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩ። ያ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፣ ጎምዘዝ ያለ፣ የወይራ ጭስ ያለበት። ጣቴን ነክሬ ቀመስኩ። መራራ! በማግሥቱ እንደገና ከፈትኩ። በሦስተኛው ቀን አያቴ እጄን እዚያው ላይ ያዘችው። አልመታችኝም። «ልጄ፣ በየቀኑ ስትከፍተው እኮ አየር ይገባዋል። ይኮመጥጣል እንጂ ቶሎ አይደርስም» አለችኝ።

ይኸው ነው! ቱል የሚሠራው እንዲህ ነው። ጊታሪስቱ አዳም ጆንስ፣ ቤዝ የሚጫወተው ጀስቲን ቻንስለር፣ ከበሮ መቺው ዳኒ ኬሪ፣ ሦስቱ አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው አንዲትን ሐሳብ እየደጋገሙ ይጫወቷታል። አንዱ ይጨምራል፣ ሌላው ይቀንሳል፣ ሦስተኛው ይገለብጠዋል። ይህ ጥንስስ ነው። ከዚያ ቁርጥራጩ ሁሉ ተገጣጥሞ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሙዚቃ ይሆናል። ይህ ድፍድፉ ነው። ዘፋኙ ሜይናርድ ጄምስ ኪናን ግጥሙንና ዜማውን የሚያፈስበት ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ውሃው መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው! ድፍድፉ ሳይደርስ ውሃ ብትሞላበት የምታገኘው ጠላ አይደለም፣ ጌሾ የነካው ውሃ ነው።

ይህን ምሳሌ እወደዋለሁ፣ ብዙ ቆየሁበት መሰለኝ። እናንተም ከወደዳችሁት ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ደወሏንም ተጫኑ።

አሁን ቴክኒኩን ቶሎ ቶሎ እንበለው። ምት መቁጠር ባለፈው ቪዲዮ ስላየን አልደግመውም። ችክችካ ስድስት ምት ነው፣ ሁለት ዙር 12። እስክስታ የሚመታ ሰው ትከሻው ራሱ ይቆጥረዋል። ቱል «ስኪዝም» የሚለው ዘፈናቸው ላይ ያንኑ 12 ይወስዱና 5 እና 7 አድርገው ይከፍሉታል። ድምሩ ያው ነው፣ ትከሻችሁ ግን የሚያርፍበት ይጠፋዋል። በመሀል ደግሞ ይቀያይሩታል። «ላተራለስ» ዘፈኑ ላይ 9፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 7 ይመታሉ፤ 987 ራሱ የፊቦናቺ ቁጥር ነው (እያንዳንዱ ቁጥር የቀደሙት የሁለቱ ድምር የሆነበት ተርታ)፣ የግጥሙ ቀለማት (ሲለብሎች) ብዛትም በዚያው ተርታ ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ሦስት ሰው ሳያስብ፣ ሳይቆጥር፣ እንደ ትንፋሽ እስኪጫወተው ድረስ ወራት ይፈጃል። በቃ፣ ቴክኒኩ ይኸው።

አሁን ወደ ኮሜንቶቻችሁ። ባለፈው ከተጻፉት ውስጥ አንድ ሐሳብ እየተመላለሰ መጥቶብኛል። «ጥፋቱ የሜይናርድ ነው፣ ወይን ሲጠምቅ ነው የቆየው» የሚል። ቤተሰቦች፣ ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም!

እውነት ነው፣ ሰውየው አሪዞና ውስጥ የወይን እርሻ አለው፣ ወይንም ይጠምቃል። እውነት ነው፣ ሌሎች ባንዶችም አሉት፤ ከ«ኤ ፐርፌክት ሰርክል» ጋር በ2018 አልበም አውጥቷል። ግን አሁን የነገርኳችሁን አስታውሱ። እሱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ድፍድፉ ካልደረሰ ምን ይሙላበት? ራሱም ደጋግሞ ተናግሯል፣ ሙዚቃውን እየጠበቅሁ ነው ብሎ። በ2019 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የእሱ ድምፅ ተቀርጾ ካለቀ ወራት እንዳለፉት፣ የቀረው ሚክሲንግ (የተቀረጹትን ድምፆች ማዋሃድ) እና የመሳሰለው እንደሆነ ገለጸ። ሰው ሥራውን ጨርሶ ቁጭ ብሎ፣ ሁሉም «አንተ ነህ ያዘገየኸው» ሲለው ምን ያህል ሆድ እንደሚያስብስ አስቡት። በየመድረኩ ይህን ጥያቄ ሲመልስ የኖረ እሱ ነው።

ሌላም አለ። በ2007 በሽፋን ሥዕል ሥራ ሰበብ ባንዱ ላይ ክስ ተነሳ። ከዚያ የኢንሹራንስ ክርክር ተጨመረበት፣ ጉዳዩ እየተንዛዛ እስከ 2015 ዘለቀ። ከ13ቱ ዓመት ስምንቱ ማለት ነው! ጠዋት ጠበቃ፣ ከሰዓት ልምምድ። በእንዲህ ዓይነት ሁኔታ ሰው እንዴት ልቡን ሰብስቦ ይፈጥራል? እና እባካችሁ ሰውየውን ተዉት፣ በወይኑም አትፍረዱበት።

ሁለተኛ ኮሜንት፦ «የአልበሙ ስም ራሱ 10,000 ቀን ጠብቁ ማለት ነው» የሚል። ከ2006 ብትቆጥሩ 10,000 ቀን የሚሞላው በ2033 ነው፣ በእኛ መስከረም 7 ቀን 2026። ቀጣዩ አልበም 2019 ላይ ስለወጣ ግምቱ ፈርሷል፣ ግን ስሙ ከዚህ በጣም የከበደ ነገር አለው። የሜይናርድ እናት፣ ጁዲት ማሪ፣ ሽባ ሆነው 27 ዓመት ያህል ኖረዋል። በ2003 ነው ያረፉት። 27 ዓመት ወደ 10,000 ቀን ነው። ልጃቸው እነዚያን ቀኖች ነው የቆጠረው። ይህን ካወቅኩ በኋላ በአልበሙ ስም የተሰየመውን ዘፈን ሥራ እየሠራሁ ሰምቼው አላውቅም። ቁጭ ብዬ ነው የምሰማው።

እሺ፣ ወደ 2019 ልመልሳችሁ። ሜይ 7፣ ቀኑን ይፋ ያደረጉት በርሚንግሃም፣ አላባማ ውስጥ ነው። ኮንሰርታቸው ላይ ቀኑ በስክሪን ወጣ፦ ኦገስት 30። በቃ! ከዚያ ኦገስት 2 ላይ የድሮ አልበሞቻቸውን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሪሚንግ ላይ ለቀቁ። የአዲሱ አልበም ስም የተሰጠው ዘፈን 10 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ነው፣ ያን ያህል ረዝሞ ቢልቦርድ ሆት 100 (የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ) ውስጥ ገባ። በዚያን ጊዜ እዚያ ከገቡት ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። አልበሙም ቢልቦርድ 200 (የአልበሞቹ ሰንጠረዥ) ላይ አንደኛ ሆኖ ጀመረ። ከ13 ዓመት በኋላ!

እኔ አልበሙ የወጣ ዕለት ማታ ከጓደኛዬ ጋር ነበርኩ። አንድ ኢርፎን፣ ግራው ለሱ፣ ቀኙ ለእኔ። መብራት አጥፍተን ፍራሽ ላይ ተቀመጥን። «ኑማ» የሚለው ዘፈን ሲጀምር ቤዙ ቀስ ብሎ መጣ፣ ሁለታችንም አልተነጋገርንም። ከበሮው ሲገባ ጓደኛዬ ጉልበቴን ጨበጠው፤ እስከ መጨረሻው አልለቀቀኝም። አልበሙ ከአንድ ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ ነው፣ አንዴም አላቋረጥነውም። ሲያልቅ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከመጀመሪያው»።

እና አሁን ስድስተኛውን እየጠበቅን ነው። ከእናንተ መካከል ከ2006 ጀምሮ የጠበቀ አለ? በየትኛው ዘፈን ነው ያሳለፋችሁት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። በሚቀጥለው ቪዲዮ ስለ ዳኒ ኬሪ ከበሮ ብቻ ነው የማወራው፣ እጅና እግሩ እንዴት አራት የተለያየ ነገር እንደሚቆጥሩ። ያኔ ትከሻችሁን ይዛችሁ ኑ። ቻው ቻው!