በፈረንሳይ ገጠር በሙቀት ወቅት ብቻዎን በብስክሌት ሲጓዙ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ ከደወላችሁልን አድማጮች ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት በበጋ ብቻን በብስክሌት የፈረንሳይን ገጠር ስለማቋረጥ ነበር። እኔ ሦስት በጋ እንዲህ ተጉዣለሁ። በአየር ላይ ጀምሬ ሰዓት ያጠረኝን መልስ በጽሑፍ እጨርሳለሁ። ወራቱና ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛው አቆጣጠር ነው።

«ከኔቨር ተነሥቼ የሎዋርን ወንዝ ተከትዬ እስከ አትላንቲክ ውቅያኖስ ልሄድ ነው። ያደግኩት አዲስ አበባ ስለሆነ ፀሐይ አልፈራም። በቀን 100 ኪሎ ሜትር አቅጃለሁ፤ ይበዛል?» (ወጣት አድማጭ፣ ከሊዮን)

መንገዱን በደንብ መርጠሃል፣ ወንድሜ። «ላ ሎዋር አ ቬሎ» የሚባለው መስመር 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አብዛኛው ሜዳ ነው፤ ምልክቱም አያሳስትም። እኔን ያሳሰበኝ «ፀሐይ አልፈራም» ያልከው ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ፀሐይዋ ብታቃጥልም አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ጥላ ስትገባ ወዲያው ይበርድሃል፤ ማታ ጋቢ ትፈልጋለህ። ፈረንሳዮች «ካኒኩል» የሚሉት ሙቀት ግን ሌሊትም አይለቅም። ለፓሪስ የተቀመጠው መለኪያ ቀን 31፣ ሌሊት ደግሞ 21 ዲግሪ ሆኖ ሦስት ቀን መዝለቁ ነው፤ የሌሊቱ የተጨመረው ሰውነት የሚያርፍበት ጊዜ ስለሚያጣ ነው። በኦገስት 2003 በዚህ አገር 15,000 ያህል ሰዎች ሞተዋል። ጁን 28 ቀን 2019 ደግሞ በደቡብ በምትገኘው ቬራርግ 46 ዲግሪ ተመዝግቧል።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከ50 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ይብቃህ። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ሲለምድ ላብህ ቶሎ ይመጣል፣ ጨውም ይቆጥባል፤ ያኔ መጨመር ትችላለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እሱም ሰዓት ነው። አገራችን ፀሐይ ስድስት ሰዓት ላይ አናት ትሆናለች፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ «በረድ አለ» ብለን እንወጣለን። በፈረንሳይ የበጋ ሰዓት ከፀሐይ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚቀድም ፀሐይዋ አናት የምትደርሰው ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ሙቀቱ የሚያይለው ደግሞ ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ይህንን አምኜ ያልተቀበልኩት አንድ ቀን ብቻ ነበር። አዣን ከተማ አቅራቢያ በጋሮን ቦይ ዳር ዛፍ ሥር ተኝቼ ቆየሁና አሥር ሰዓት ላይ «አልፏል» ብዬ ተነሣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የዛፎቹን ግንድ መቁጠር ጀመርኩ። ለምን እንደምቆጥር አላውቅም። መታጠፊያዬን አልፌ ሄድኩ፤ ማለፌን አይቼም ምንም አልመሰለኝም። ጀልባዎችን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የውሃ በር አጠገብ ያለች ቤት ደጃፍ ላይ አንዲት አሮጊት አበባ ያጠጡ ነበር። «ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልሱ ጠፋኝ። ምንም ሳይናገሩ ጣሳውን እንዳለ አንገቴ ላይ ደፉት።

ብቻህን ስትሆን የሚያስፈራው ይህ ነው፤ ሙቀት ከጉልበት አስቀድሞ ማመዛዘንን ይወስዳል፣ «ተው» የሚልህም የለም። ስለዚህ የምታቆምበትን ሰዓት ጠዋት አእምሮህ ንጹሕ ሳለ ወስን። ጎህ ሲቀድ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣ። አምስት ሰዓት ላይ የትም ብትሆን ውረድ። የድሮ አብያተ ክርስቲያናት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ስላላቸው ክፍት ካገኘህ ከማንኛውም ጥላ ይሻሉሃል። ኪሎ ሜትር ከቀረህ ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሂድ፤ በጁላይ እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ድረስ ብርሃን አለ።

«ልጄ ብቻውን ነው የሚጓዘው። ስልኩን ካላነሣ ሐሳብ ይገለኛል። ምን ላድርግ?» (እናት፣ ከማርሴይ)

እናቴ፣ ቀኑን ሙሉ አይደውሉለት፤ እየነዳ ስልክ ማንሣቱ ራሱ አደጋ ነው። ይልቅ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አምስት ሰዓት ላይ ሲያቆምና ማታ ሲያድር፣ ያለበትን መንደር ስም እንዲልክልዎ ቃል ያስገቡት። ስልኩ ላይ ሲያወራ ቃላት ከተምታቱበት፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም «ላቤ ቆመ» ካለ ጥላ ፈልጎ እንዲቀመጥ፣ ልብሱን በውሃ እንዲያርስና ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሮቹ 15 ወይም 112 እንዲደውል ይንገሩት። ካልቻለ እርስዎ በ15 ደውለው የመንደሩን ስም ይስጡ። «ትንሽ ልይና» ብለው አይጠብቁ።

«ገጠር ውስጥ ሱቁ ሁሉ ዝግ ነው። ከመቃብር ስፍራ ውሃ ይቀዳል ሲሉ ሰማሁ፤ ነውር አይደለም?» (አድማጭ፣ ከቱሉዝ)

ጥያቄዎ የጨዋ ሰው ጥያቄ ነው። የፈረንሳይ መንደር መቃብር አብዛኛውን ጊዜ ለአበባ ማጠጫ የሚሆን ቧንቧ አለው፤ ብስክሌተኞችም ከዚያ ይቀዳሉ፤ የሚቆጣ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ብስክሌትዎን ውጭ ያቁሙ፣ ባርኔጣዎን ያውልቁ፣ ቀብር ካለ ይመለሱ፣ ሲወጡም በሩን ይዝጉ። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካዩ ውሃው አይጠጣም፤ ራስዎንና ሸሚዝዎን ያርሱበት። ሱቁን በተመለከተ፣ የገጠር ሱቅ ቀን ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ለሁለትና ሦስት ሰዓት ይዘጋል፤ እሑድ ከሰዓት በኋላና ብዙ ቦታ ሰኞም አይከፈትም። ዳቦዎን ጠዋት ይግዙ።

ውሃው እንዳይሞቅ አንድ ዘዴ ልንገርዎ። የጥጥ ካልሲ ነክረው ኮዳውን ያልብሱት። እንስራ ጥላ ሥር ሲቀመጥ እንደሚያልበውና ውሃውን እንደሚያቀዘቅዘው፣ ነፋሱ ካልሲውን ሲያደርቀው የኮዳው ውሃ ይቀዘቅዛል። ሲደርቅ እንደገና ይንከሩት። ውሃ ብቻ በብዛት መጠጣትም ጉዳት አለው፤ በላብ የሚወጣው ጨው ካልተተካ ያዞራል፣ ያስመልሳል። አንድ ሊትር ውሃ ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር መበጥበጥ ይበቃል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ጨው ጣል ያደረግሁበት በሶ ነው። በኮዳ ተመትቶ ይጠጣል፣ አይበላሽም፣ ጉልበት ይሆናል። ቸኮሌት ግን ኪስ ውስጥ ቀልጦ ይጠብቅዎታል።

«ጉዞዬ ኦገስት ውስጥ ነው፤ ፍልሰታን እጾማለሁ። ይቻላል?» (እህት፣ ከፓሪስ)

እህቴ፣ የጾም ምግቡ አያስቸግርሽም፤ ዳቦ፣ ምስር፣ ኮክ፣ ሐብሐብ፣ በሶ ሞልቷል። የሚያስቸግረው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ መንዳት ነው። በ35 ዲግሪ ሙቀት እየነዱ ያለ ውሃ መዋል አይቻልም፤ ይህን ስልሽ ስለ ሰውነት ብቻ ነው የምናገረው፤ ሌላውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ። ቀኑን ማዛወር ከቻልሽ ሴፕቴምበርን እመርጥልሻለሁ፤ ወይኑ የሚለቀምበት ጊዜ ነው፣ ጠዋቱም ቀዝቀዝ ይላል። ኦገስት ላይ ከቀረሽ ደግሞ 15ኛው ቀን የእነርሱ የእመቤታችን ዕርገት ስለሆነ በዓል ነው፤ ሱቅ ስለሚዘጋ ስንቅሽን ከዋዜማው ያዢ።

«ሙቀቱ ቢበረታ በመሀል ባቡር መያዝ እችላለሁ?» (አድማጭ፣ ከናንት)

ትችላለህ። «ቴኤኤር» የሚባሉት የክልል ባቡሮች ብስክሌትን አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይጭናሉ፤ አንዳንድ መስመሮች ግን በበጋ ቦታ አስቀድሞ መያዝን ይጠይቃሉ። በፈጣኑ «ቴዤቬ» ብስክሌቱን ፈትተህ ከ130 በ90 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ቦርሳ ማስገባት ትችላለህ። የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤቱ «ሜቴዎ ፍራንስ» ባለ አራት ቀለሙን የማስጠንቀቂያ ካርታ ጠዋት አሥራ ሁለትና ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ያድሳል። የአሥር ሰዓቱን እይ፤ የምትሄድበት አውራጃ ለነገ ብርቱካናማ ከሆነ ጎህ ሲቀድ ተነሥተህ ቶሎ ጨርስ፣ ቀይ ከሆነ ግን ማታውኑ ወደ ቅርቡ ጣቢያ ሂድ።