ፎቶዬን መቼ ታመጪያለሽ?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። እንግዳ የለም። ድምፁ እንዳያስተጋባ ጋቢ ተከናንቤ ነው የምቀዳው። በመሃል ቆራሌው ካለፈ ይቅርታ፤ እሱን ዝም የሚያሰኝ ዳይሬክተር ገና አልተወለደም።

ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። "አጭር ፊልም ትሠሪያለሽ፣ ፎቶ ታነሺያለሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አረጋውያን ጋ ትሄጃለሽ። ጊዜው ከየት ነው? ብሩስ?"

ብሩ ከሰርግ ነው፣ ምን እደብቃለሁ። ጥር ላይ ሰርጉ፣ መልሱ፣ ቅልቅሉ ተደራርቦ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ሙሽሮቹ ቀስ ብለው ሲራመዱ ፊት ፊታቸው የኋሊት የምሄደው እኔ ነኝ። ከዚያ ሁዳዴ ይገባል። ለ55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም። ካሜራው፣ ሌንሱ፣ መብራቱ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። አከራዮቹ ስልካችንን ቶሎ የሚያነሱት ያኔ ነው፤ ዋጋም ይቀንሱልናል። እኛ የአጭር ፊልም ልጆች ዓመቱን ሙሉ የምንጠብቃት ወቅት እሷ ናት። ተዋናዩም ድምፅ ቀጂውም በነጻ ይመጣል። ክፍያው ምሳ ነው።

ዳይሬክተሩ ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣውን "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" የተባለ ፊልሙን የቀረጸው በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። አገሩ በአብዮት ሲታመስ፣ ትወና ሙያቸው ባልሆነ ሰዎች። ጓደኞቼ ገንዘብና ጊዜ የለም ብለው ሲያማርሩ ይህን እነግራቸዋለሁ። "እሱማ ኃይሌ ነው" ይሉኛል። ምን እላለሁ?

ደግሞ እኛን የሚያስቸግረን ምስል አይደለም፤ ምስል በስልክም ይወጣል። ድምፅ ነው መከራው። አዲስ አበባ ውስጥ ጸጥ ያለ ሁለት ደቂቃ ፈልጉ እስቲ። ውሻው፣ ብረት ቆራጩ፣ የታክሲ ረዳቱ፣ ክረምት ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ።

ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ግን ስለ ቅዳሜው ነው።

"ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው" የሚለውን የመቄዶንያን መፈክር የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። እኔ የምሄድበት ማዕከል ሌላ ነው፣ አነስ ያለ። ሥራው ግን ያው ነው። ጥፍር መቁረጥ፣ ጸጉር ማስተካከል፣ ልብስ ማጠብ፣ ቁጭ ብሎ ማውራት። ልደቱን ሊያከብር፣ ወይ የምርቃቱን ድግስ ሊያበላ የሚመጣ ሰውም አይጠፋም፣ እግዜር ይስጠው። የሚመጣው ሁሉ ስልክ ይዟል። ኬክ ይቆረሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በሉ ደህና ሁኑ።

አንድ ቀን የአንዲት እማማን ጥፍር እየቆረጥኩ ሥራዬን ጠየቁኝ። ፎቶ አንሺ ነኝ አልኳቸው።

"አንቺም?" አሉና ሳቁ። "እዚህ እኮ ሁሉም ያነሳናል፣ የሚያመጣልን የለም እንጂ። አንዷን ልጅ 'ፎቶዬን መቼ ታመጪያለሽ' ብያት፣ 'ሳምንት' ብላኝ፣ ይኸው ሳምንት አልደርስ አለ።"

ቅሬታ አልነበረም፣ ጨዋታ ነው። እኔ ግን ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ። በእሳቸው ዘመን ፎቶ የተነሺው ነበር። የአፄ ምኒልክ ፎቶ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ለቤተ መንግሥት ያነሳ የነበረው ነገር፣ ቀስ በቀስ ወደ ተራው ሰው ወርዶ ፎቶ ቤት ሆነ። ኮት የሌለው ሰው የፎቶ ቤቱን ኮት ለብሶ ይነሳል። ታጥቦ ሲደርስ ይወስዳል። ከጀርባው "ለማስታወሻ" ብሎ ጽፎ ለወዳጁ ይልካል። አሁን ፎቶ የአንሺው ሆኗል። ተነሺው ፊቱን ሰጥቶ ባዶ እጁን ይቀራል።

እናም የአጎቴን ጥቁር ሰማያዊ ኮት ይዤ ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጠርን። ኮቱ ለሁሉም ይሰፋል፤ ከጀርባ ሰብስቤ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩት። ከፊት ሲታይ ልክ በልካቸው የተሰፋ ነው። አንድ አባባ አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተቀመጡ።

"ትንሽ ፈገግ ይበሉ፣ አባባ" አልኳቸው።

"ጉርድ ፎቶ ነው እኮ፤ ይሳቃል እንዴ?" ብለው ተቆጡኝ።

አሳትሜ ወሰድኩላቸው። አንዷ ውዳሴ ማርያማቸው ውስጥ ከተቷት። አንዱ ትራስ ሥር። እኚያ የሳቁብኝ እማማ ፎቷቸውን አራቅ አድርገው አይተው፣ "በሉ፣ ለለቅሶዬ ይህችን ነው የምታወጡት። ያቺን የበሽታዋን እንዳታወጡብኝ" አሉ። ተንከባካቢዋ ደንግጣ "ኧረ እማማ!" ስትል እሳቸው እቴ፣ ምንም አልመሰላቸውም። የቤታቸውን ጉዳይ እንደሚያስተካክል ሰው ነበሩ።

በኋላ ፎቶዎቹን ለአንድ ድርጅት አሳየሁ። "ቆንጆ ናቸው፣ ግን ችግሩ አይታይም" ተባልኩ። ኮቱን አውልቀው ቢነሱስ የሚል ሐሳብም መጣ። ችግሩን እኔም አላጣሁትም፤ ጥፍር ቆራጯ እኔ ነኝ። ግን ሰውዬው ኮት ልልበስ ካሉ አውልቁ የምል እኔ ማን ነኝ?

ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባለውን የፎቶ ፌስቲቫል ከጀመረች ወዲህ፣ አፍሪካን ማን ነው የሚያነሳት የሚለው ጥያቄ እዚሁ ከተማችን ውስጥ መወራት ለምዷል። ጥሩ ነው። አሁን ብዙዎቹ አንሺዎች እኛው ነን። ተነሺው ግን ዛሬም ፎቶውን አላየውም። ካሜራው ከፈረንጅ እጅ ወደ እኔ እጅ ስለገባ ብቻ ለእማማ ምን ተለወጠላቸው?

"ታዲያ ለምን ስለ ማዕከሉ ፊልም አትሠሪም?" ትሉኛላችሁ። አልሠራም። ፊልም ትራስ ሥር አይገባም። የጻፍኩት ሌላ ታሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ሊፈርስ ቀን የተቆረጠለት ፎቶ ቤት አለ። ባለቤቱ፣ ሰዎች አሳጥበው ሳይወስዱት የቀረውን የስንት ዘመን ፎቶ በፌስታል ይዞ፣ የፎቶ ቤቱን ኮት ለብሶ፣ ባለፎቶዎቹን ፍለጋ ይወጣል። አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ አሜሪካ ነው፣ አንዷ ደግሞ "ይቺ እኔ አይደለሁም" ትላለች። እዚህ ጋ ነው የተጣበቅኩት። ለምን ካደች? እስካሁን እኔም አላወቅኩም፤ ተዋናይዋ ሳታውቅ አልቀረችም፣ ነግራኝ ግን አታውቅም።

ቀረጻው ሁዳዴ ሲገባ ነው። ድምፅ ቀጂያችን ሥራ አግኝቶ ዱባይ ስለሄደ፣ የራሱ ማይክ ያለው ሰው በጣም እንፈልጋለን። ቅዳሜ ማዕከሉ ጋ መምጣት የምትፈልጉም ጻፉልኝ፤ ጥፍር መቁረጫ ይዛችሁ ኑ፣ እዚያ ያለው ደንዟል። ለቀረጻው ምሳ አለ። የጾም ነው፣ ሽሮ። ቻው።